ከአልጋው በላይ የተሰቀለው ጀርባ

ኔቪል ሐምሌ ላይ ብርዱ ሲጠና ሞተ። ከዚያ ወዲህ ትሬቨር ከቤት የሚወጣው ዳቦና ወተት ሲያልቅበት ብቻ ነበር። የካቲት ገብቶ የሽርሽሩ እሑድ ሲደርስ ግን ጆይስ መጥታ በሩን በቡጢ ደበደበችው። ጆይስ ዕድሜ ልኳን አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ናት። ተሳፋሪ ካልገባ በሩን ዘግታ የምትሄድ ዓይነት ሴት ነበረች፤ ድምፅዋም እንደ አውቶቡሷ ጡሩምባ ነው።

«ተነሥና ተላጭ። የፍየል ጢም አብቅለሃል።»

«አልመጣም፣ ጆይስ።»

«ማን ጠየቀህ? ፎቶውን ከግድግዳው አውርድና ና። ልጅቷ ቀጥራሃለች።»

ልጅቷ ያለችው ፕሪያን ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ናት። ኔቪል በየዓመቱ ሽርሽሩ ላይ ያነሣቸውን ፎቶዎች ሰብስባ በቤተ መጻሕፍቱ ልታሳይ ስለ ሆነ፣ ዛሬ መናፈሻው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋቸዋለች። ሰው ራሱን ፈልጎ «ይህ እኔ ነኝ፤ ስሜን ጻፉ» ካለ ይጻፍለታል፤ ካላለ አይነካም። ኔቪል ከመሞቱ በፊት ያስያዛት ቃል ይኸው ብቻ ነበር።

ትሬቨር ተላጨ። ከዚያ አልጋው ላይ ወጥቶ ከራስጌው በላይ የተሰቀለውን ፎቶ አወረደ። ግድግዳው ላይ ፎቶው የነበረበት ቦታ ከሌላው ቀለም ነጥቶ ቀረ።

ሽርሽሩ የሚደረገው ሲድኒ ወደብ ዳር ባለች ትንሽ መናፈሻ ነው። ሲጀመር ወንድ የሚወዱ ወንዶችና ሴት የሚወዱ ሴቶች ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አብረው ቋሊማ የሚበሉበት ቀን ከመሆን ያለፈ ነገር አልነበረውም። በዚያ ዘመን ግን ቋሊማ መብላቱም ወኔ ይጠይቅ ነበር። ፊቱ ጋዜጣ ላይ የወጣ አስተማሪ በማግስቱ ጠመኔውን አስረክቦ ይወጣል፤ ፖሊስ የያዘው ደግሞ ለእናቱ የሚለው ያጣል። ስለዚህ ኔቪል መጀመሪያ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲመጣ ግማሹ ሰው ከዛፍ ኋላ ገባ።

ኔቪል ያኔ የቢራ ሣጥን ገለበጠና ላዩ ላይ ወጥቶ «ፊት ወይስ ጀርባ?» ብሎ ጮኸ። ፊቱን ማሳየት የሚችል ወደ እሱ ይቆማል፤ የማይችል ወደ ባሕሩ ይዞራል። ሁሉም ዞሮ እስኪያበቃ ይጠብቃል፤ አንድ ሰው እንኳ ቢያመነታ ጣቱን ከካሜራው ያነሣል። ኔቪል የማይቀልድበት ነገር አልነበረም፤ በዚህ ግን አንድም ቀን አልቀለደም። ጀርባ የሰጠውን ማንም ፈሪ አይለውም። እንዲያ እንዲያ እያለ ልማድ ሆኖ ቀረ።

ጀርባዎቹም እጃቸውን አጣጥፈው አልቀሩም። «የሚነሣው ጀርባዬ ከሆነማ ላሳምረው» አሉ። ከረባታቸውን ወደ ኋላ ያስራሉ፤ አበባ ማጅራታቸው ላይ ይሰካሉ፤ ሸሚዛቸውን ገልብጠው ለብሰው ቁልፉን በጀርባ ያስቆልፋሉ። ቀን ቀን ሮናልድ የሚባለው የጥርስ ሐኪም፣ ማታ መድረክ ላይ ሲወጣ ዶሎሬስ ነው፤ ሽርሽሩ ላይ «አንቺ» እንጂ «አንተ» ያለው ሰው የለም። ታዲያ አንድ ዓመት ዶሎሬስ ራሰ በራዋ ላይ በሊፒስቲክ ዐይንና ከንፈር አስላ መጣች፤ ያን ዓመት ከፊቶቹ ሁሉ አምሮ የወጣው የእሷ ማጅራት ነበር።

ትሬቨር ከግድግዳው ያወረደው ጀርባ ግን ጌጥ የሚባል አልነካውም። ገና ከውሃ የወጣ ወጣት ነው፤ ነጠብጣቡ ትከሻው ላይ ያበራል። በአንድ እግሩ ቆሞ በሌላው እግሩ ጣት ባቱን ያካል፤ አንገቱን ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ባሕሩን ያያል። የሚያምር ነገር ነው። ኔቪል በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የሽርሽሩን ፎቶ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ሲያጥብ ያ ጀርባ ከወረቀቱ ላይ ብቅ ሲል እጁን ከፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ማውጣት ረሳ። ከዚያ ከሰልፉ መካከል ያን ሰው ብቻ ነጥሎ አሳደገው። በዓመቱ ሽርሽር ላይ ፎቶውን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ መጣና «ይህ ጀርባ የማን ነው? ዙር እስቲ! አንተም ዙር!» እያለ መናፈሻውን አዳረሰው። ሰዉ አዲስ ቀልድ መስሎት እየሳቀ ዞረለት።

ትሬቨር ያኔ ከገጠር የመጣ ወጣት የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ሽርሽሩ ላይ ሲገኝ ሁለተኛው ነው። እንደ ደንቡ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል። ኔቪል ትከሻውን ይዞ አዞረው፣ ማጅራቱን አየ፣ ፎቶውን አየ፣ ደግሞ ማጅራቱን አየ።

«አንተ ነህ።»

«ልሆን እችላለሁ» አለ ትሬቨር። «አምና ጀርባ ነበርኩ። ዋኝቻለሁም።» ደግሞስ ሰው የገዛ ጀርባውን ከየት ያውቀዋል?

በዚህ የተጀመረው ነገር አርባ ዓመት ሄደ። የአገሩ ሕግ ሲፈቅድላቸው፣ ሁለቱም ሸብተው፣ ተጋቡ። ፎቶው ሁሌም ከአልጋው በላይ ነበር። ኔቪል እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኔ የወደድኩት ከኋላው ነው፤ ፊቱ ምርቃት ነው» ይል ነበር። ትሬቨር አንዳንዴ «እኔ በሕይወቴ በአንድ እግሬ ቆሜ አላውቅም» ሲለው፣ «ያን ቀን ቆመሃል፤ ይኸው ማስረጃው» ብሎ ይስቃል።

ዛሬ ፎቶው ለፕሪያ ሊሰጥ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ፣ ከሁሉ ቀድሞ፣ ሰው የሚያህል ሆኖ ሊሰቀል፣ ከሥሩም የትሬቨር ስም ሊጻፍበት ነው። ለትሬቨር ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ኔቪል ሁሌ ከካሜራው ኋላ ስለሚቆም ሁለቱ አብረው የታዩበት ፎቶ ለቁጥር አይበቃም። ይህ ግን የሁለቱ ነው። አንዱ ቆሞ፣ አንዱ እያየው። ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ይህ ቢቀር አይቆጨውም።

መናፈሻው ሲደርሱ ጠረጴዛው ተከቧል። ፕሪያ አጉሊ መነጽር ለሰዉ ታድላለች፤ ዶሎሬስና ጆይስም ገና ከመገናኘታቸው ተያያዙ።

«ያ ወገብ የኔ ነው!» አለች ጆይስ አንድ ፎቶ ላይ ጣቷን ተክላ።

«አንቺ ደግሞ ወገብ መቼ ኖረሽ?» አለች ዶሎሬስ። «ከአንገትሽ እስከ ጉልበትሽ አንድ ወጥ ነሽ፤ እንደ ፖስታ ሣጥን።»

«ቀበቶውን አታይም? የአውቶቡስ ነጂ ቀበቶ ነው!»

«ቀበቶው ያንቺ ይሆናል፤ ያዋስሽኝ ነው። ውስጡ ያለው ሥጋ የኔ ነው።»

«እባካችሁ፣ አንድ ወገብ ላይ ሁለት ስም አልጽፍም» አለች ፕሪያ እየሳቀች። ከዚያ ትሬቨርን አየችና ተነሥታ ፎቶውን እንደ ሕፃን ተቀበለችው። «አመጡት! ስምዎን አሁኑኑ ልጻፍ ወይስ ትንሽ ይብሉ?»

«ልብላ» አለ ትሬቨር። ከሐምሌ ወዲህ መራቡ ትዝ ሲለው የመጀመሪያው ነበር።

ይህን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከጠረጴዛው ጫፍ ቆሟል። ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል። ማንም አያውቀውም።

«ከፐርዝ ነው የመጣሁት» አለ ለፕሪያ። «ኪት እባላለሁ። እዚህ መጥቼ የማውቀው አንዴ ብቻ ነው። በሰባ ዘጠኝ።»

«ፊት ነበርክ ወይስ ጀርባ?» ብላ ጮኸች ዶሎሬስ።

ሰውየው እስከ ጆሮው ቀላ። «ጀርባ።»

«እሰይ! ምርጦቹ እኛ ነን። በል ፈልግ።»

ኪት የሰባ ዘጠኙን ሰልፍ ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። «አላውቅም። ማናቸውም ልሆን እችላለሁ። ግድ የለም፣ ቦታውን ለማየት ብዬ ነው።» ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅለል አድርጎ፣ ቋሊማ ከሚቀበሉት ጋር ተሰለፈ።

ትሬቨር ከኋላው ሳህን ይዞ ቆመ። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ባሕሩን ለማየት አንገቱን ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል አደረገ። ከዚያ አንድ እግሩን ከሣሩ አነሣና በጣቱ የሌላውን እግሩን ባት አከከ።

ትሬቨር ቋሊማውን ተቀብሎ ዘወር ሲል ሳህኑ አዘንብሎ ነበር። ቋሊማው መሬት ወደቀ፤ የመናፈሻውን የቆሻሻ በርሜል ስትበረብር የምትውል አንዲት ባለ ረጅም ምንቃር ወፍ ላጥ አድርጋ ወሰደችው። አላያትም። ብዙ ሰው ባቱን ያካል፣ አለ በልቡ። ሽማግሌ ሁሉ በሆነ ነገር ይበላዋል። ግን ያን አንገት ሲተኛም ሲነሣም አርባ ዓመት አይቶታል። በዓለም ላይ ያን ጀርባ እሱን ያህል የሚያውቅ ሰው የለም።

ፎቶውን ከጠረጴዛው አንሥቶ ዋርካው ሥር ተቀመጠ። ያየ የለም። ሰውየውም የጠየቀው ነገር የለም። ዝም ቢል ስሙ ይጻፋል፣ ፎቶው ይሰቀላል፣ ኪትም ፐርዝ ይገባል። ግን ዝም ቢልስ ምን ይቀርለታል? ኔቪል እጁን መድኃኒት ውስጥ የረሳው ለሌላ ሰው ነው። መናፈሻውን ሲያዳርስ የነበረው ሌላ ሰው ፍለጋ ነው። እሱ የተገኘው መንገድ ላይ ነው፤ ሰው ጃንጥላ ተሳስቶ ይዞ እንደሚሄደው።

መስታወቱን በሸሚዙ ጠርጎ ትኩር ብሎ አየው። በግራው ትከሻ ላይ ሦስት ጥቁር ነጥቦች አሉ፤ እንደ ደረጃ የተደረደሩ፣ ማርያም የሳመቻቸው። ሁሌም የውሃ ጠብታ ይመስሉት ነበር።

«ጆይስ!»

ጆይስ ቢራዋን ይዛ መጣች። «ምነው? አመመህ?»

ትሬቨር ብድግ ብሎ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ገለበጠው። «ግራ ትከሻዬን እይ። ነጥብ አለ?»

«ምን ሆነሃል?»

«ነጥብ አለ ወይ?»

«ምንም የለም። እንደ ተነጨ ዶሮ ንጹሕ ነህ። ልበሰው፣ ሰው እየበላ ነው።»

ፎቶውን ሰጣት፤ ሁሉንም ነገራት። ጆይስ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የሚበላውን ሽማግሌ አየች። ቢራዋን ሣሩ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትሬቨር የምታለቅስ መስሎት ነበር፤ ለካስ ሳቅ እየተናነቃት ነው።

«ምን ያስቃል? አርባ ዓመት ሙሉ በሰው ጀርባ ስወደድ ነው የኖርኩት!»

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ዐይኗን እየጠረገች። «በየበጋው የፀሐይ ቅባት ማን ነበር የሚቀባህ?»

«ኔቪል።»

«የት?»

«ጀርባዬን ነዋ። ሌላውን ራሴ…»

«ያ ሰውዬ እኮ ፎቶ ላይ ያረፈች የአቧራ ቅንጣት በዐይኑ የሚያድን ነበር» አለች ጆይስ። «ሦስት ነጥብ ያመልጠዋል? ባሳደረህ የመጀመሪያ ቀን ነው ያወቀው፣ ካፖርትህን ለብሰህ ካልተኛህ በቀር!»

«ታዲያ ለምን ዝም አለ?»

«ምን እንዲል ነው? ‹ይቅርታ፣ በስሕተት ነው ያመጣሁህ፣ ልብስህን ሰብስብ› ይበልህ? አንተ ቂል፤ ስሕተቱ እኮ አንድ ቀን ነው የቆየው። ከዚያ ወዲህ ያለው በሙሉ ዐይኑ እያየ ነው።»

ትሬቨር ተመልሶ ቁጭ አለ። ኔቪል «ያን ቀን ቆመሃል፤ ይኸው ማስረጃው» ሲል የነበረው አሳሳቅ መጣበት። ዐይኖቹ ጠበብ፣ ከንፈሩ በአንድ በኩል ነከስ። ስንት ጊዜ ነው እንደዚያ የሳቀው! በየጊዜው ሊነግረው ጫፍ ደርሶ፣ በየጊዜው ደግሞ ለራሱ አስቀርቷት። ሳያውቀው እሱም መሳቅ ጀምሮ ነበር። ሐምሌ ደረቱ ላይ የተጫነው ድንጋይ ከቦታው ነቅነቅ አለ።

ፎቶውን ይዞ ኪት የተቀመጠበት አግዳሚ ዘንድ ሄደ።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ግራ ትከሻዎ ላይ ሦስት ነጥብ አለ?»

ኪት ማኘኩን አቆመ። «ሚስቴ ነፍሷን ይማርና አለ ትል ነበር። እርስዎ በምን አወቁ?»

ትሬቨር ፎቶውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠለት። ኪት ብዙ አየው። ቋሊማው ከእጁ ሊወድቅ ሲል ጆይስ ተቀበለችው። ዶሎሬስም ነገር ሸቷት ደርሳለች።

«ሸሚዝህን አውልቅ» አለችው። «አትፈር፤ ሐኪም ነኝ።»

«የጥርስ!» አለች ጆይስ።

«ታዲያ ከጥርስ የባሰ ምን አለ?»

ኪት ቁልፉን አንድ በአንድ ፈታ። ሦስቱ ነጥቦች ከነደረጃቸው እዚያው አሉ፤ ቆዳው ብቻ ነው የተጨማደደው። መናፈሻው ጎል እንደ ገባ ጮኸ። ምን እንደ ሆነ ያልሰማውም አብሮ ጮኸ።

ኪት ግን ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «በሳምንቱ ነው ወደ ፐርዝ የሄድኩት። ያን ቀን ማንም አላናገረኝም፤ እኔም ማንንም አላናገርኩም። ዋኘሁ፣ ዞርኩ፣ ሄድኩ። መኖሬን ያየ ሰው ያለ አልመሰለኝም።» ቀና አለ። «የት ነበር የተሰቀለው?»

«ከአልጋችን በላይ።»

«አርባ ዓመት?»

«አቧራህን የማራግፈው እኔ ነበርኩ» አለ ትሬቨር፤ ‹እርስዎ› ማለቱ ያበቃው እዚህ ላይ ነው። «በየሳምንቱ።»

ኪት መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ አለቀሰ፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ አደረጋቸው። «እንግዲህ የሚፈልገው እኔን ነበር ማለት ነው።»

«ጀርባህን» አለ ትሬቨር። «እሱ ያንተ መሆኑን አምኛለሁ። ሰውዬው ግን የኔ ነበር።»

«ቢያገኘኝስ ኖሮ?»

«በሁለተኛው ሳምንት ትጠፋ ነበር። ያንኮራፋል። ደግሞ መታጠቢያ ገንዳው ሁሌ ፎቶ ተዘፍዝፎበት ነው የሚያድረው፤ ሰውነትህን የምትታጠበው በባልዲ ነው።»

ፕሪያ ጠጋ ብላ ስታዳምጥ ነበር። ጉሮሮዋን ጠረገች። «አቶ ኪት፣ ስምዎን… ካልፈለጉ ባዶውን ይሰቀላል። ኔቪል ያስያዙኝ ቃል እንደዚያ ነው።»

ኪት ሸሚዙን ሳይለብስ ባሕሩን አየ። ሁሉም ጠበቁት፤ ዶሎሬስ እንኳ።

«ልጄ ታውቃለች» አለ በመጨረሻ። «ትኬቱንም የቆረጠችልኝ እሷ ናት። ኪት ሃርግሬቭ። ሁለቱንም ስም ጻፊው፣ ጎላ አድርገሽ።»

ትሬቨር የኪት ስም ሲጻፍ ቆሞ አየ። ቅር የሚለው መስሎት ነበር፤ ግን አላለውም። ይልቅ አንድ ነገር ቆነጠጠው።

«እኔስ ታዲያ የት ነኝ? ያን ቀን ነበርኩ እኮ!»

ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ሮጠ። የሰባ ዘጠኙ ሰልፍ ላይ አጉሊ መነጽሮች ተደፉ፤ ራስ ከራስ ተጋጨ።

«ይህ?» «እሱማ ቀሚስ ለብሷል።» «ይህስ?» «ይህ ዛፍ ነው፣ መነጽርሽን ቀይሪ!»

«ይህ የተቆረጠው ማን ነው?» አለች ዶሎሬስ።

በፎቶው ግራ ጠርዝ ላይ አንድ ትከሻ፣ አንድ ጆሮና አንድ ክንድ አሉ። ክንዱ ላይ ሰፋፊ መስመር ያለው ፎጣ ተጥሏል፤ ጫፉ ላይ በትልልቅ ፊደል ስም ተጠልፏል። ልጃቸው ከተማ ሄዶ ፎጣ እንዳይሰረቅ የሰጉ እናት የጠለፉት ነው። የሚነበበው የስሙ ግማሽ፣ «…ቨር» የሚለው ብቻ ነው፤ ሌላው ከነሰውየው ከፎቶው ውጪ ቀርቷል።

ትሬቨር መነጽሩን ያዘና ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ወደ ውሃው ዞሮ፣ ጆይስን በሚያስንቅ ድምፅ ጮኸ፦

«ኔቪል! አንተ ሌባ! ግማሼን ቆርጠህ ጥለኸኝ ነው አይደል!»

ጀልባ ላይ ያሉ ሰዎች እጃቸውን አውለበለቡለት። ከሐምሌ ወዲህ ያን ስም ጮክ ብሎ ጠርቶት አያውቅም ነበር። ሳቁ ሆዱን አስያዘው፤ ዶሎሬስ ወንበር አመጣችለት።

«እና ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች ፕሪያ፤ እስክሪብቶዋ ተዘጋጅቷል።

«ትሬቨር ማክሊሽ በይ» አለ ዐይኑን እየጠረገ። «ከሥሩ ደግሞ ‹ሌላው ግማሽ ፎቶ አንሺው ጋ ነው› ብለሽ ጨምሪ።»

ፕሪያ እየቀለደ እንደ ሆነ ለማወቅ ፊቱን አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ እንዳለው ጻፈችው። ከምድጃው በኩል ጭስ መጣ፤ ጆይስም «ቋሊማውን የሚጠብቅ የለም እንዴ!» እያለች ሮጠች።